የተፈጥሮ የጥርስ ክር እና አካባቢን የማይጎዳ መጠቅለያ አመራረጥ፦ ለነገሌ ቦረና እና ለደቡብ ቆላማ ከተሞች ነዋሪዎች

በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ በሚገባ የማይደርስበት ነው። የድድ ሕመምና የጥርስ መቦርቦር ብዙ ጊዜ የሚጀምሩትም ከዚሁ ስፍራ ነው። ይህን ቦታ ለማጽዳት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ የጥርስ ክር ነው። በከተሞቻችን ፋርማሲዎችና ሱቆች የሚሸጠው የጥርስ ክር ግን በጥራቱም ሆነ በተሠራበት ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። አብዛኛው ከፕላስቲክ የተሠራና በፕላስቲክ ሣጥን የታሸገ ሲሆን፣ ከተፈጥሮ ክር ተሠርቶ በወረቀት ወይም በብልቃጥ የሚቀርብም አለ።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱ፣ በዶሎ ኦዶ እና በአጎራባች ቆላማ ከተሞች ለሚኖሩ ዜጎች ነው። ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ምን ዓይነት ክር ይመረጥ? መጠቅለያው ምን ይሁን? ከጥቅም በኋላ የት ይወገድ? ሦስተኛው ጥያቄ በአርብቶ አደሩ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው፤ ሜዳ ላይ የተጣለ ነገር ውሎ አድሮ ከከብት አፍ የሚገባበት አጋጣሚ ብዙ ነውና።

የጥርስ ክር ምን ይሠራል?

ምግብ ከተመገብን በኋላ በጥርስ ላይ ፕላክ የሚባል የሚያጣብቅ የባክቴሪያ ልባስ ይፈጠራል። በዚህ ልባስ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ልባሱ በየዕለቱ ካልተወገደ ጠንክሮ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ በሚደረግ ጽዳት አይለቅም፤ በባለሙያ መነሣት ይኖርበታል። በጊዜው ያልታከመ የድድ ብግነት እየጠለቀ ሄዶ ጥርስን የሚይዘውን አጥንት ሊጎዳና ጥርስን ሊያነቃንቅ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የአፍ ውስጥ ሕመም አለባቸው። ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

የጥርስ ክር ብሩሽን አይተካም፤ ያግዘዋል እንጂ። የሕክምና ጥናቶችን በማሰባሰብ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ ብሩሽን ከክር ጋር መጠቀም ብሩሽን ብቻ ከመጠቀም ይልቅ የድድ ብግነትን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። የማስረጃው ጥንካሬ ዝቅተኛ መሆኑንም አክሎ አመልክቷል። ስለሆነም ለክር የሚወጣው ገንዘብ ለብሩሽና ፍሎራይድ ላለው የጥርስ ሳሙና ከሚወጣው መቅደም የለበትም። ቅደም ተከተሉ በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ስኳር መቀነስ፣ ከዚያም በቀን አንድ ጊዜ የጥርስን መካከል ማጽዳት ነው።

መፋቂያ ለሚያዘወትሩ

በደቡብ ቆላማ አካባቢዎች መፋቂያ የቆየና ጠቃሚ ልማድ ነው። በቦረና አዴ፣ በሶማሊኛ አዳይ ተብሎ የሚጠራው ዛፍ በአረብ አገራት ሚስዋክ የሚዘጋጅበት ዛፍ ነው። ከወይራና ከክትክታ የሚቆረጥ መፋቂያም በአገራችን በሰፊው የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ የጥርስን የፊትና የማኘኪያ ገጽ በሚገባ ያጸዳል። በአካባቢው ከበቀለ ዛፍ የተቆረጠ መፋቂያ መጠቅለያ አያስፈልገውም፤ ሲጣልም አፈር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሦስት ነጥቦችን ማስተዋል ይገባል።

1. መፋቂያ በተጠጋጉ ጥርሶች መካከል አይገባም። ስለዚህ መፋቂያ የሚጠቀም ሰውም የጥርስ መካከል ጽዳት ያስፈልገዋል።
2. ድድን በኃይል ወደ ጎን መፈተግ ድድ እንዲሸሽ ያደርጋል። ጫፉን በማኘክ አለስልሶ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ቀስ ብሎ መፋቅ ተገቢ ነው። የደረቀው ጫፍ ተቆርጦ መጣል ይኖርበታል።
3. ሲቆረጥ ነጭ ወተት መሰል ፈሳሽ የሚያወጣ ተክል ለመፋቂያ አይውልም። እንደ ቁልቋል ያሉ ተክሎች ፈሳሽ አፍንና ዓይንን ያቃጥላል። ማንነቱ ያልታወቀ ተክልንም መጠቀም አይገባም።

ከውጭ አገር የሚመጣ ሚስዋክ ብዙውን ጊዜ አንድ በአንድ በፕላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል። በአካባቢው ትኩስ መፋቂያ እያለ የታሸገውን መግዛት ለጥርስ የተለየ ጥቅም አያስገኝም፤ ቆሻሻን ግን ይጨምራል። መፋቂያ ሲቆረጥም ቀንበጡን ብቻ መውሰድና ዛፉን ከሥሩ አለመንቀል ለቀጣዩ ትውልድ ዛፉን ማቆየት ነው።

የክር ዓይነቶችና ልዩነታቸው

የጥርስ ክር መነሻው የተፈጥሮ ክር ነበር። ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ በሰም የተነከረ የሐር ክር በጥርሶች መካከል ማሳለፍን መክሯል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናይለን የሐርን ቦታ ተካ። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው።

*ናይለንና ፖሊስተር።* ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠሩ ናቸው። ጠንካራና ርካሽ ቢሆኑም አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብሱ ይቆያሉ።

*ፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ.።* በተለምዶ ቴፍሎን ከሚባለው ነገር የሚሠራ፣ በጠባብ ቦታ በቀላሉ የሚንሸራተት ክር ነው። ይህ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ ከማይፈርሱ የፍሎሪን ኬሚካሎች ቤተሰብ ነው። በእሳት ሲቃጠልም መርዛማ ጭስ ያወጣል።

*ሐር።* ከሐር ትል የሚገኝ የተፈጥሮ ክር ነው። አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ለስላሳ ስለሆነም ለድድ ይመቻል። ከናይለን ይልቅ በቀላሉ የመበጠስ ጠባይ አለው፤ ዋጋውም ከፍ ሊል ይችላል። ከእንስሳት የሚገኝ ውጤት ለማይጠቀሙ ሰዎች አይስማማም።

*ፒ.ኤል.ኤ.።* ከበቆሎ ወይም ከሌላ ሰብል ስታርች የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብሎ ስለሚሸጥ ብዙዎች በማንኛውም ቦታ የሚበሰብስ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ግን በፍጥነት የሚፈርሰው ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀትና በቂ እርጥበት ባለው የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። የቆላው ፀሐይ ብቻ አይበቃውም። እንዲህ ያለ ማምረቻ በሌለበት ከተማ ሜዳ ላይ ቢጣል ከሌላው ፕላስቲክ ብዙም አይለይም።

*«የቀርከሃ ከሰል» ክር።* ስሙ ተፈጥሯዊ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ የፖሊስተር ክር ላይ የከሰል ዱቄት የተጨመረበት ነው። ዋናው ክር ከምን እንደተሠራ በመጠቅለያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

*ባለ እጀታ የፕላስቲክ ክር።* አጭር ክር የተወጠረበት ትንሽ የፕላስቲክ እጀታ ነው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቱ ለማይታዘዝለት ሰው ይጠቅማል። ለሌላው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ የፕላስቲክ እጀታ የሚያስጥል በመሆኑ አይመከርም።

ሰሙና ማጣፈጫው

ክሩ በቀላሉ እንዲንሸራተት በሰም ይነከራል። ሰሙ የንብ ሰም፣ ካንደሊላ ወይም ካርናውባ የተባሉ የዕፅዋት ሰሞች፣ አለዚያም ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሰም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተፈጥሯዊ ናቸው። ጥርሳቸው ለተጠጋጋ ሰዎች ሰም ያለው ክር፣ ሰፋ ላለ ክፍተት ደግሞ ወፍራም ወይም ጠፍጣፋ ክር ይመቻል።

የናዕናዕ ወይም የሌላ ቅመም ጣዕም የጽዳት ኃይል አይጨምርም። አፍን የሚያቃጥል ወይም የሚያሳክክ ስሜት ካስከተለ ጣዕም የሌለውን መምረጥ ይገባል። ለንብ ውጤቶች አለርጂ ያለበት ሰው የንብ ሰም ያለበትን ክር ከመግዛቱ በፊት ባለሙያ ማማከር አለበት።

በቆላማ ከተሞች የአቀማመጥ ጉዳይም ይታሰብበት። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ የሚቀልጥ ቢሆንም ከዚያ በፊት ይለሰልሳል። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ የቆየ ክር እርስ በርሱ ሊጣበቅ ስለሚችል በጥላ ሥር የተቀመጠውን ይግዙ፤ በቤትም ጥላና ደረቅ ቦታ ያኑሩት።

መጠቅለያው ላይ የሚጻፉ ቃላት

ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ አካባቢን የሚመለከቱ የተለያዩ ቃላት ይጻፋሉ። ትርጉማቸውን ማወቅ ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናል።

- «ናቹራል» ወይም «ተፈጥሯዊ»፦ ብቻውን የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ሐር ወይም የንብ ሰም ተብሎ በስም ካልተጻፈ እንደ ማረጋገጫ አይወሰድ።
- «ባዮዲግሬደብል»፦ በሕያዋን ተሕዋስያን ሊፈርስ የሚችል ማለት ነው። በምን ያህል ጊዜና በምን ሁኔታ እንደሚፈርስ ካልተገለጸ ትርጉሙ ሰፊና ልቅ ነው።
- «ኮምፖስተብል»፦ ወደ ማዳበሪያ የሚለወጥ ማለት ነው። በፋብሪካ ደረጃ ነው ወይስ በቤት ጓሮ የሚለውን ይለዩ። ኢ.ኤን. 13432 የሚለው የአውሮፓ ደረጃ የሚመለከተው የፋብሪካ ኮምፖስትን ነው። ለእኛ አካባቢ የሚጠቅመው «በቤት ኮምፖስት የሚበሰብስ» የሚለው ነው።
- «ሪሳይክለብል»፦ መልሶ መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰብሳቢና ተረካቢ በሌለበት ከተማ ይህ ጽሑፍ ዕቃውን ከቆሻሻ መጣያ አያድነውም።

ከዚህ በመነሣት የመጠቅለያ ምርጫ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢሆን ይመከራል።

*አንደኛ፣ የወረቀት ካርቶን።* ውስጡ በፕላስቲክ ያልተለበጠ ካርቶን በቤት ጓሮ ይበሰብሳል። በቀላሉ ስለሚቀደድና ውኃ ስለሚያበላሸው በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

*ሁለተኛ፣ ክሩ ሲያልቅ የሚሞላ ብልቃጥ ወይም የብረት ቆርቆሮ።* ይህ የሚጠቅመው መተኪያው ጥቅል ክር በአቅራቢያ የሚገኝ ከሆነ ብቻ ነው። መተኪያ ካልተገኘ ብልቃጡ ውድ ቆሻሻ ይሆናል። የተሰበረ ብልቃጥ ልጆችንና እንስሳትን እንደሚቆርጥም መዘንጋት የለበትም። ዕቃን አቆይቶ ይዘቱን ብቻ መተካት ለአካባቢው ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቦረና እናቶች ወተት የሚያኖሩባቸው የተጠለፉ ዕቃዎች ለዓመታት እየታጠኑ ያገለግላሉ።

*ሦስተኛ፣ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ሣጥን።* ሌላ አማራጭ ከሌለ ብዙ ሜትር ክር የያዘውን አንድ ሣጥን መግዛት አነስተኛ ክር የያዙ ብዙ ሣጥኖችን ከመግዛት ይሻላል።

ከካርቶኑ ውጭ በሴሎፎን የተጠቀለለና በፌስታል ተይዞ የሚሰጥ «ተፈጥሯዊ» ክር ዓላማውን ይስታል። ዘንቢል ወይም የጨርቅ ቦርሳ ይዞ መሄድ ይበጃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ማጽደቁም ይታወቃል። ከዚያ በፊት አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያላቸውን የማይበሰብሱ ከረጢቶች ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር።

ጉዳዩ ከከብት ጋር ምን ያገናኘዋል?

በአገራችን ቄራዎች በተካሄዱ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች በታረዱ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ ፌስታል፣ ገመድ፣ ጨርቅና ብረት ተገኝቷል። ከእነዚህም በብዛት የሚገኘው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ በጨጓራ ውስጥ አይፈጭም። እየተጠራቀመ ቦታ ይይዛል፤ እንስሳው ምግብ ይቀንሳል፣ ይከሳል፣ ወተቱ ይጎድላል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ረጅምና የማይበጠስ ክር ደግሞ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተጠላልፎ ቋጠሮ ይፈጥራል፤ አንጀት ውስጥ ከገባም ሊያንቀውና ሊቆርጠው ይችላል።

በድርቅ ወቅት አደጋው ይበረታል። ግጦሽ ሲጠፋ ከብቱ በከተማ ዳር ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በመክሸፋቸው የቦረናና የአጎራባች አካባቢዎች ቤተሰቦች እጅግ ብዙ ከብት አጥተዋል። ከዚያ ድርቅ የተረፈች አንዲት ላም ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነች የአካባቢው ነዋሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ክሩ ሐር መሆኑ ወይም ናይለን መሆኑ የሚያሳስበው ከተማውን ብቻ አይደለም።

የአንድ ሰው ድርሻ ስንት እንደሆነ ማስላት አያዳግትም። ለአንድ ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ክር የሚጠቀም ሰው በዓመት 164 ሜትር ያህል ክር ይጥላል። አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ከ650 ሜትር በላይ ይጥላል ማለት ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ዋጋ ሲያወዳድሩ የሣጥኑን ሳይሆን የአንድ ሜትሩን ዋጋ ያስሉ። 30 ሜትር ክር በቀን አንድ ጊዜ ለሚጠቀም አንድ ሰው ለሁለት ወር ያህል፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ ደግሞ ለ16 ቀናት ያህል ይበቃል። በመጠቅለያው ላይ የሚከተሉት መኖራቸውን ያረጋግጡ፦

- ክሩና ሰሙ ከምን እንደተሠሩ፤
- የክሩ ርዝመት በሜትር፤
- የአምራቹ ስምና የተመረተበት አገር፤
- ካለው፣ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ፤
- ያልተከፈተና ያልተቀደደ ማሸጊያ።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት እንዲሁም ዕቃዎችን አማርጦ የመግዛት መብት አለው። ደረሰኝ ተቀብሎ ማስቀመጥም ለኋላ አቤቱታ ይጠቅማል።

አጠቃቀም

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ውኃ ካጠረ እጅ የሚታጠቡበትን ያስቀድሙ፤ ክሩ ራሱ ውኃ አያስፈልገውም።
2. ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ክር ቆርጠው በሁለቱ የመሃል ጣቶች ላይ ይጠምጥሙ፤ በመካከል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥረው ይያዙ።
3. ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያደረጉ በጥርሶቹ መካከል ያሳልፉ። በኃይል መጫን ድድን ይቆርጣል።
4. ክሩን በአንዱ ጥርስ ጎን ላይ እንደ ቅስት አጥፈው ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብለው ከታች ወደ ላይ ጥቂት ጊዜ ይጥረጉ፤ ለላይኛው ጥርስ ከላይ ወደ ታች ይሁን። በተመሳሳይ ሁኔታ ጎረቤቱን ጥርስ ይጥረጉ።
5. ለእያንዳንዱ ክፍተት ያልተጠቀሙበትን የክር ክፍል ይጠቀሙ።
6. ከዚያ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉ እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ። ይህ ፍሎራይዱ በጥርስ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ውኃም ይቆጥባል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ጥቂት ሊደማ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በየዕለቱ ሲጸዳ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቆማል። አንድን ክር ለሁለት ሰው ወይም ለሁለት ቀን መጠቀም ክልክል ነው።

ክር ካልተገኘ

ለጥርስ ማጽጃነት ያልተሠራ ክር አይጠቀሙ። የልብስ ስፌት ክር ቀጭንና ቆራጭ ነው፤ ቀለምም ይኖረዋል። ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር ፕላስቲክ ከመሆኑም በላይ የኬሚካል ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። መርፌ፣ እሾህና የክብሪት እንጨትም ድድን ያቆስላሉ።

ንጹሕ የእንጨት ስቴኪኒ በጥንቃቄ ከተያዘ ሥጋ ከተበላ በኋላ የተሰነቀረውን ለማውጣት ያገለግላል፤ ነገር ግን ድድ ውስጥ መክተት አይገባም። በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ላለው ሰው የጥርስ መሃል ብሩሽ የሚባለው ትንሽ ብሩሽ ከክር የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ታጥቦ ደጋግሞ ስለሚያገለግልም ቆሻሻው ያነሰ ነው። ትክክለኛውን መጠን የጥርስ ባለሙያ ያሳያል።

ጫት ሲቃም ስኳርና ለስላሳ መጠጥ የሚያዘወትሩ ሰዎች ጥርስ ለረጅም ሰዓት በአሲድ ውስጥ ስለሚቆይ ለመቦርቦር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስኳሩን በውኃ መተካትና ከመተኛት በፊት የጥርስን መካከል ማጽዳት ይመከራል።

ለሕፃናት

የልጅ ሁለት ጥርሶች ተጠጋግተው ሲነካኩ የመካከል ጽዳት መጀመር ይቻላል። ልጁ ራሱን ችሎ በትክክል ማጽዳት እስኪችል፣ በተለምዶ እስከ 8 ወይም 10 ዓመት፣ ወላጅ ያግዘው። ዕድሜው ከ3 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ለሆነው የአተር ፍሬ የሚያህል የጥርስ ሳሙና በቂ ነው። ክሩና ሣጥኑ ከሕፃናት እጅ ይራቁ፤ አብዛኛው ሣጥን የመቁረጫ ስለት አለው።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የመጠጥ ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ የበለጠ ውኃ ሲጠጡ ባደጉ ልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ከቆሻሻ የመጣ ስላልሆነ በክርም በመፋቂያም አይለቅም። በኃይል መፈተግ ጥርስን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

አወጋገድ

- የሐር ክርና ያልተለበጠ ካርቶን፦ ቆራርጠው ከጓሮ ኮምፖስት ጋር ወይም በተከለለ ጉድጓድ ይቅበሩ።
- ናይለን፣ ፖሊስተር፣ ፒ.ቲ.ኤፍ.ኢ. እና ፒ.ኤል.ኤ.፦ ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስበው ለማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ያስረክቡ። አይቃጠሉ።
- ማንኛውም ክር፦ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣል፤ በኤላዎችና በኩሬዎች ዙሪያ፣ በግጦሽ መሬትና በመንገድ ዳር አይጣል።
- ብልቃጥ፦ አጥበው ለቅመማ ቅመም ወይም ለሌላ ጉዳይ ይጠቀሙበት። ከተሰበረ በካርቶን ጠቅልለው ለብቻ ያስወግዱ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ መቼ ያስፈልጋል?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ክር ወይም መፋቂያ መፍትሔ ስለማይሆን በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

- ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የድድ መድማት፤
- የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም ከድድ የሚወጣ መግል፤
- ሌሊት የሚቀሰቅስ የጥርስ ሕመም፤
- ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል።

የፊት ወይም የአንገት እብጠት ከትኩሳት፣ ከመዋጥ ወይም ከመተንፈስ ችግር ጋር ከመጣ አጣዳፊ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መድረስ ይገባል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችና ነፍሰ ጡር እናቶች የድድ ሕመም ስለሚበረታባቸው ምልክት ሳይጠብቁ መታየት ይኖርባቸዋል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ክር ከመጀመራቸው በፊት የሕክምና ባለሙያቸውን ያማክሩ።

መረጃና አቤቱታ

ስለ አፍና ጥርስ ጤና ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ተገልጋዮች በቀበሌያቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማነጋገር ወይም በነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይችላሉ። በአፍ ጤና ምርቶች ደኅንነት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር ጥቆማ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይቀርባል። መጠቅለያው ከይዘቱ ጋር የማይጣጣም ሆኖ ሲገኝ፣ ለምሳሌ ሐር ተብሎ ናይለን ከተሸጠ፣ ዕቃውን፣ መጠቅለያውንና ደረሰኙን ይዞ ለወረዳው ወይም ለከተማው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቻላል። የቆሻሻ አሰባሰብን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ይቀርባሉ።